በሰው አገር በዓል፤ የባዕድ መምህር ድርሻ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ባዕድ መምህር ያላስተማረበት ዘመን የለውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ቅብጣውያን ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን የካናዳ ጀስዊት ካህናት ተረከቡት፤ ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቋሙ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዳውያን፣ በተለይም የኬረላ ሰዎች፣ ዛሬም በዕድሜ በገፉ ተማሪዎቻቸው አፍ ስማቸው ይነሣል። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት መቶ ያህል የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየከተማው ተሠማሩ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በየዓመቱ የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል በዓል፣ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ተማሪው ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ይወጣል፤ አርበኛው ጎፈሩን ደፍቶ ይፎክራል። መምህሩ ግን የዓድዋ ዘማች የልጅ ልጅ አይደለም። ይህ ቀን ለእርሱ ምኑ ነው?

ላይ ላዩን ሲያዩት የአክብሮት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ እንግዳው መጥቶ ይቀመጥ፣ ጠላ ቢሰጡት ይጠጣ፣ ያጨብጭብ፣ አበቃ። ነገሩ ግን ብሔራዊ በዓል ራሱ ምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ ይወስደናል። በዓሉ በደም የሚወረስ ርስት ከሆነ መጻተኛው በዚያ ቀን ከሥራ ዕረፍት በቀር የሚያገኘው የለም። በተቃራኒው በዓሉ ስለ ነጻነትና ስለ ፍትሕ በጠቅላላው የሚደረግ ደስታ ከሆነ ደግሞ ብሔራዊ መባሉ ትርጉም ያጣል፤ የየትም አገር ሰው የየትኛውንም አገር በዓል እኩል የራሱ ሊያደርገው ይችላልና። ሁለቱም መልሶች ለእኔ ጎዶሎ ናቸው። ባዕድ መምህር በሰው አገር በዓል ላይ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ድርሻውም የምስክር ድርሻ ነው። ምስክር ከባለ ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ዳር ቆሞ ከሚያይ ተመልካችም የተለየ ነው። ይህን አሳብ ላስረዳ።

ባዕድን በበዓል ላይ የት ማቆም እንደሚገባ ካሰቡ ጥንታውያን አንዷ አቴና ናት። ዜግነት የሌላቸው የከተማይቱ ነዋሪዎች በጉባኤ አይናገሩም፣ መሬት አይገዙም፤ ወንዱ ለመኖሪያው ብቻ በየዓመቱ 12 ድራክማ ይከፍል ነበር። ሆኖም ለአቴና አምላክ በሚደረገው በታላቁ የፓናቴናያ በዓል ሰልፍ ላይ ቦታ ነበራቸው፤ ሐምራዊ ልብስ ለብሰው የመሥዋዕቱን ሳሕን ተሸክመው ይሄዱ ነበር፤ ሴቶች ልጆቻቸውም የውኃ እንስራ ይሸከሙ፣ ለዜጎች ልጆች ጥላ ይይዙ ነበር። ይህ ክብር ነው ወይስ ውርደት? መልሱ ቀላል አይደለም። ለእኔ የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ባዕዱ አንድ ዕቃ ይሸከማል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም። በዚያው ዘመን በአቴና ከኖሩ መጻተኞች መካከል ደግሞ የዓለም ታላቁ መምህር ይገኛል። አሪስቶትል የስታጊራ ሰው ነበር፤ በሊቂዮን ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲያስተምር በአቴና ሕግ ባዕድ ሆኖ ነው። የመቄዶንያው እስክንድር በ323 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞትና አቴናውያን በመቄዶናውያን ላይ ሲነሡ፣ አማልክትን አላከበረም ተብሎ ተከስሶ ወደ ካልኪስ ሸሸ፤ በማግሥቱ ዓመት እዚያው ሞተ። በሰልፍ ውስጥ ለመጻተኛ ቦታ መስጠት መልካም ሥርዓት ነው፤ ከተማይቱ የደነገጠች ዕለት ግን መጻተኛውን ከክስ አላዳነውም። የመምህር ሥራው ቃል ነው። ቃሉ የሌለበት ድርሻ እርሱን አይመጥነውም።

የኦሪት ሕግ ከአቴና ጠለቅ ብሎ ሄዷል። ስለ በዓላት የተደነገገውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው አንድ አስደናቂ ልዩነት ይታየዋል። በዘዳግም ምዕራፍ 16 የሰባቱ ሱባዔ በዓልና የዳስ በዓል ሲታዘዝ ባለቤቱ ከልጆቹ፣ ከአገልጋዮቹና ከሌዋዊው ጋር በደጁ ያለውን መጻተኛም ይዞ ደስ እንዲለው በግልጽ ተጽፏል። በዘፀአት ምዕራፍ 12 ግን ፋሲካን እንግዳ ሰው አይበላም ይላል፤ ሊበላ የሚሻ መጻተኛ አስቀድሞ መገረዝና ወደ ማኅበሩ መግባት አለበት። ምክንያቱ የሚታወቅ ይመስለኛል። የመከር በዓል የምድር በረከት በዓል ነው፤ በምድሪቱ ላይ የደከመ፣ ዝናቧን የጠበቀ፣ ከእህሏ የበላ ሁሉ ለማመስገን ምክንያት አለው። ፋሲካ ግን በአንድ ሌሊት በአንድ ሕዝብ ላይ የደረሰ የመዳን መታሰቢያ ነው። ማዳኑን ያልቀመሰ ሰው እንደ ቀመሰ ሆኖ ቢበላ ሐሰት ይሆናል። ሕጉ መጻተኛውን ሲከለክለው ጠልቶት እንዳልሆነ ከዚያው ሕግ እንረዳለን፤ እስራኤል በግብፅ መጻተኛ ነበሩና የመጻተኛን ነፍስ ያውቃሉ፣ ስለዚህም አያስጨንቁት ይላል። የከለከለው መቀላቀልን እንጂ መቅረብን አልነበረም።

እንግዲህ ዓድዋ ከሁለቱ የየትኛው ወገን በዓል ነው? ፋሲካን የሚመስል የመዳን መታሰቢያ ነው እላለሁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አንድ ሕዝብ ከባርነት ደጅ የተመለሰበት ቀን ነው። ሃይማኖቱም ከውስጡ አይወጣም፤ ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፣ ታቦቱም ከዘማቹ ጋር ወርዷል። ስለዚህ ባዕዱ በዚህ በዓል ውስጥ የት እንደሚቆም ስንጠይቅ መልሱ ለሁሉም ባዕድ አንድ እንዳልሆነ እናገኛለን። ከኬረላ የመጣውን መምህር እናስብ። ከእነዚያ መምህራን መካከል ክርስትናቸውን ከሐዋርያው ቶማስ የሚቆጥሩ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጆች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛዋ ጋር በአንድ እምነት የቆመች እኅት ናት፤ አባቶቻቸውም በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከእኛ አባቶች ጋር ተቀምጠዋል። ይህ ሰው በጥር 11 ታቦት ሲወጣ የቤቱ ልጅ ነው። ሳምንቱን ቆይቶ ጥር 18 ገደማ፣ ማለትም ጃንዋሪ 26፣ የሕንድ የሪፐብሊክ በዓል ሲሆን ግን እርሱ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ክፍልፋይ ያስተምራል፤ የአገሩን ቀን ከእርሱ በቀር የሚያስታውስለው የለም። ወር ካለፈ በኋላ የካቲት 23 ሲመጣ ደግሞ እንደገና እንግዳ ይሆናል። በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ቤተሰብም፣ ብቸኛም፣ እንግዳም ሆኖ ያልፋል።

የሚስዝ ሚኞን ፎርድ ነገር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። የባርቤዶስ ልጅ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ አገር አድርገው ከሚያዩ ሰዎች ጋር ከአሜሪካ መጡ፤ በጣልያን ወረራ ዘመንም ከአገሪቱ ሳይወጡ ቆይተው በኋላ በአዲስ አበባ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት መሠረቱ። በቋንቋም፣ በአስተዳደግም፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ባዕድ ነበሩ። የዓድዋ ድል ግን ገና ሳይመጡ የእርሳቸው ነበረ። ያ ድል በባርነት የተሸጡ ሰዎች ልጆች በሚኖሩባቸው ደሴቶችና ከተሞች ሁሉ ተሰምቶ ነበርና፤ የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቬን ገና እ.ኤ.አ. በ1897 ከምኒልክ ደጅ የደረሰው ያን ሰምቶ ነው። እንዲህ ከሆነ ዘርና ፓስፖርት ብቻውን ድርሻን አይወስንም። አንድ ሰው ለአንድ መታሰቢያ ያለው ቅርበት የሚለካው መታሰቢያው በሚናገረው እውነት ላይ እርሱ የሚለው ነገር ያለው እንደ ሆነ ነው።

ምስክር ያልሁትም ከዚህ የተነሣ ነው። ዓድዋ ዝም ብሎ የጀግንነት ትዝታ ቢሆን ኖሮ በየቤቱ የሚተረክ የቤተሰብ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን በዓሉ አንድ ነገር ይላል፤ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ስም የተሠራው ተንኮል በደል ነበረ፣ አንድን ሕዝብ ያለ ፈቃዱ መግዛት አይገባም፣ እነዚያ ሰዎች ለመዋጋት እውነት ነበራቸው ይላል። ይህ ሙግት ነው። ሙግት ባለበት ምስክር ያስፈልጋል። በዳኝነታችን ደግሞ ዘመድ ለዘመድ ሲመሰክር ቃሉ ይጠረጠራል፤ ከሁለቱም ወገን ያልተወለደ ሰው ሲናገር ዳኛው ጆሮውን ይሰጣል። ኢትዮጵያዊው ስለ ዓድዋ የሚናገረው እውነት ቢሆንም የባለቤት ቃል ነው። ባዕዱ አጥንቶ፣ መርምሮ፣ አዎን ይህ በደል ነበረ ሲል ግን ለበዓሉ ባለቤቱ ራሱ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ይሰጠዋል። ይህ ደግሞ ከነጋዴው፣ ከዲፕሎማቱና ከቱሪስቱ ይልቅ ለመምህሩ የሚገባ ሥራ ነው። ዲፕሎማቱ በበዓሉ የሚቆመው ስለ መንግሥቱ ነው፤ የሚናገረውም የተላከውን ነው። ቱሪስቱ ነገ ይሄዳል። መምህሩ ግን በበዓሉ ማግሥት ከእነዚያው ልጆች ፊት ይቆማል፤ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ቲቸር፣ በእናንተ አገር ስለ ዓድዋ ምን ይባላል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚያ ሰዓት ዝም ማለትም ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክርነት።

የዚህ ዓይነት ምስክር ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እንግሊዛዊ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አስተማሩ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረትም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ከተሟገቱት ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። ጣልያንን መክሰስ ለእንግሊዛዊ ቀላል ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እርሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1868 የገዛ አገራቸው ጦር ከመቅደላ የዘረፈው ቅርስ ይመለስ የሚለውን ማኅበር ከመሠረቱት መካከልም አንዱ ናቸው። የምስክርነታቸው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በባዕድ ላይ ብቻ ሳይሆን በወገናቸውም ላይ መስክረዋል። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ከእናታቸው ጋር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ኢትዮጵያዊ ነኝ ብለው አይደለም። እንግሊዛዊ ሆነው መናገራቸው ቃላቸውን አጠነከረው።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ለጣልያናዊው መምህር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን የጣልያን ትምህርት ቤት ሲያስተምር ኖሯል፤ ከጣልያን የመጡ መምህራንም የሰማዕታት መታሰቢያ የሆነውን የካቲት 12ን፣ የካቲት 23ንና ሚያዝያ 27ን በከተማችን አሳልፈዋል። ለእነዚህ ሰዎች በሩን ዘግቶ መዋል ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው፤ አይፈረድባቸውምም። እኔ ግን ከባዕዳን ሁሉ ይልቅ በዓሉ የሚፈልገው ይህን መምህር ነው እላለሁ። በወገኑ ላይ የሚመሰክር ሰው ቃል በየትኛውም ሸንጎ ከሁሉ ይከብዳል። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነቡን በማስረጃ ሲጽፍ በገዛ አገሩ ብዙ ተሰድቧል፤ የአገሩ መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዓድዋ መቶ ዓመት በሞላበት ዓመት ነበር። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለፋሺስቱ የጦር አዛዥ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ። ምስክርነቱ ገና ያልተፈጸመ ሥራ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል። ጣልያናዊው መምህር ደግሞ ለዚህ የሚሆን ድልድይ በእጁ አለው። አገሩ ከፋሺዝም ነጻ የወጣችበትን ቀን ኤፕሪል 25 ታከብራለች፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ኢትዮጵያ የዚያኑ የፋሺስት አገዛዝ መሸነፍ ታከብራለች። ዓመቶቹ ቢለያዩም፣ እኛ በ1933 ዓ.ም.፣ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ቢሆንም፣ የወደቀው ጌታ አንድ ነው። ኤፕሪል 25ን ከልቡ የሚያከብር ጣልያናዊ ሚያዝያ 27ን ሳያከብር በዓሉን ሙሉ አድርጎ ሊያከብር አይችልም።

ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ነቢዩ ሕዝቅኤል አስተምሮ የለምን ይባል ይሆናል። አስተምሯል፤ ምዕራፍ 18 ሙሉውን ስለዚህ ነው። እኔም መምህሩ ዕዳ ይክፈል አላልሁም። መመስከር ዕዳ መክፈል አይደለም፤ የተደረገውን ተደርጓል ማለት ነው። እንዲያውም ንጹሕ የሆነ ሰው ነው በነጻነት ሊመሰክር የሚችለው፤ በደለኛው ሲናገር ኑዛዜ ይባላል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ከፈረንሳዊው ጸሐፊ ከኤርነስት ሬናን ይመጣል። ሬናን እ.ኤ.አ. በማርች 1882 በሶርቦን ባደረገው ንግግር ሕዝብን ሕዝብ የሚያደርገው ዘርና ቋንቋ ሳይሆን አብሮ የከፈለው መሥዋዕትና አብሮ ለመኖር ያለው ፈቃድ መሆኑን ተናግሯል። ዘርን ማራቁ ለእንግዳው በር የከፈተ ይመስላል፤ አብሮ መሠዋት የሚለው ግን መልሶ ይዘጋዋል። ባዕዱ አብሮ አልተሠዋምና በመታሰቢያው ቀን አብሮ ቢቆም የሰው እንባ መበደር ይሆንበታል። ይህ ክርክር እውነት አለው፤ ኦሪት በፋሲካ ላይ ያስቀመጠውም አጥር ይኸው ነው። ስለዚህ ነው መምህሩ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ ይዞ፣ አባቶቻችን እያለ ቢፎክር የማልደግፈው። ነገር ግን ያልተሠዋ ሰው ምንም አይልም ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ጎረቤት ከሐዘንተኞቹ ተርታ አይቀመጥም፣ ነጠላውንም እንደ እነርሱ አያዘቀዝቅም፤ ባይመጣ ግን ይታወቅበታል፣ መምጣቱም ለሐዘንተኛው ትልቅ ነገር ነው። የሰውን ሐዘን የራሱ ሳያደርግ ከሐዘኑ አጠገብ መቀመጥ እንደሚቻል ሕዝባችን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ደመወዝ ነው። ባዕዱ መምህር ተቀጣሪ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ውሉም በአስተናጋጁ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓሉን ቢያወድስ ምስክርነት ነው ወይስ እንጀራ? ይህን አልክድም፤ ለዚህም ነው ነጻነት የሌለበት ምስክርነት ዋጋ የለውም የምለው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1891 በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት አዋጅ በሥነ ሥርዓት ሲነበብ፣ ክርስቲያኑ መምህር ኡቺሙራ ካንዞ ለፊርማው እንደሌሎቹ ጎንበስ ብሎ አልሰገደም፤ ከሥራው ወጣ፣ በአገሩ ሁሉ ከሃዲ ተባለ። ኡቺሙራ ባዕድ አልነበረም፤ አገሩንም ይወድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሰገዱት ሁሉ ስግደታቸው ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት የሚያውቅ የለም። ግዴታ በዓልን የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ እምቢ ያለውን ይቀጣል፣ እሺ ያለውንም እንዳይታመን ያደርጋል። በእኛም አገር ጥቅምት 23 የንግሥ በዓል የነበረበት፣ በኋላም መስከረም 2 የአብዮት በዓል የነበረበት ዘመን አልፏል። እነዚያ በዓላት ከአዘዙዋቸው መንግሥታት ጋር ሄዱ። ዓድዋ ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ ቆይቷል፤ ማንም ሳያስገድደው የሚያስታውሰው ሰው ስለነበረ።

የሃይማኖት ሰው ደግሞ ከዚህም አልፎ ይጠይቃል፤ አገርን ማክበር ወደ ጣዖት አያደርስምን? አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በባቢሎን ባዕዳን ነበሩ፤ የአገሩን ቋንቋና ጥበብ ተምረው በመንግሥት ሥራ ላይ ተሾመዋል። ናቡከደነፆር ያቆመውን ምስል ሲያስመርቅ ሹማምንቱ ሁሉ ተጠርተው ነበር፤ ዛሬ ብሔራዊ በዓል የምንለውን ዓይነት ነገር ነው። እነርሱም ለምስሉ ከመስገድ ወደ እሳት መጣልን መረጡ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን የምታነግሠው መልአኩ እነርሱን ማዳኑን አስባ ነው። ይህ ታሪክ መጻተኛ ከአስተናጋጁ በዓል ሁሉ ይራቅ የሚል ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ስደት ላሉት ሰዎች ነቢዩ ኤርምያስ በላከው ደብዳቤ በሚኖሩባት ከተማ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ስለ ሰላሟም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። ሁለቱ አይጋጩም። ሦስቱ ወጣቶች እምቢ ያሉት አምልኮን ነው፤ ለከተማይቱ በጎ ማሰብን አልተዉም፣ ሥራቸውንም አልለቀቁም። ስለዚህ መጻተኛው የሚጠራበት በዓል የሚጠይቀው ስግደት ነው ወይስ መታሰቢያ ብሎ መለየት ይገባዋል። ዓድዋን ማሰብ ስግደት አይደለም። ማንኛውም መሪ፣ ምኒልክም ቢሆኑ፣ በዓሉን ተገን አድርጎ ከፍርድ በላይ ይሁን ሲባል ግን ወደዚያ መንሸራተት ይጀመራል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ራሳቸው ስለ ምኒልክ አንድ አሳብ የላቸውም፤ የደቡብ ልጅ አያቶቹ የነገሩት ሌላ ሊሆን ይችላል። ባዕዱ መምህር በዚህ መካከል ዳኛ ልሁን ቢል ስሕተት ነው። ምስክር የሚናገረው የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ እርሱ የሚያውቀው ደግሞ ዓድዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ምን እንዳደረገ ነው። በሮም የክሪስፒ መንግሥት መውደቁን፣ በካሪቢያንና በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ተስፋ መዝራቱን ሊናገር ይችላል። ቀሪውን የቤቱ ልጆች ይከራከሩበት። ሆኖም የአስተናጋጁ በዓል ራሱ በደልን የሚሸፍን ሲሆን ምስክርነቱ መራራ ይሆናል። ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ቆሞ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ለባሪያው ምኑ እንደ ሆነ ሲጠይቅ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ ነበር። አውስትራሊያ በጃንዋሪ 26 ብሔራዊ ቀኗን ስታከብር ነባር ሕዝቦቿ እ.ኤ.አ. በ1938 ያንኑ ቀን የሐዘን ቀን አድርገውታል። እዚያ የሚያስተምር ባዕድ ሁለቱንም ድምፅ ሳይሰማ አንዱን ብቻ ቢያጨበጭብ ለአገሩ ወዳጅ አልሆነም።

አሁን ነገሩን ገልብጠን በሰው አገር የሚያስተምረውን ኢትዮጵያዊ እንመልከት፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎች አሉ። የእኛ መስከረም 1 በእነርሱ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ከእ.ኤ.አ. 2001 ወዲህ ያ ቀን በዚያ አገር የሐዘን መታሰቢያ ነው። ኢትዮጵያዊው መምህር ጠዋት ልጆቹ አበባ ሰጥተው እንኳን አደረሰህ ብለውት ወጥቶ፣ ከክፍሉ ሲደርስ ስለ ሞቱት በጸጥታ ይቆማል። የራሱን ደስታ መካድ የለበትም፤ የእነርሱንም ሐዘን እንደ ራሱ ወንድም ሞት አድርጎ ማልቀስ አይጠበቅበትም። መቆሙ ግን ይገባል፤ ማንም ሳያዘው ሲቆም ደግሞ ተማሪዎቹ ያዩታል። እኛ ከዚህ ሰው የምንጠብቀውን ያህል ከሕንዳዊው፣ ከአሜሪካዊውና ከጣልያናዊው መምህር ልንጠብቅ እንችላለን፤ ከዚያ በላይ ልንጠይቅ አይገባንም።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ ርእሳነ መምህራን የምለው ይህን ነው። በየካቲት ወር ባዕዱን መምህር የአገር ልብስ አልብሳችሁ ፎቶ ከማንሣት ታቀቡ፤ የማይመለከተው ሰው እንደ ሆነም አድርጋችሁ አትተዉት። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ በአገሩ ስለ ዓድዋ ምን እንደ ተጻፈ፣ ምን እንዳልተጻፈ፣ እርሱ ምን እንደሚያውቅ በራሱ አንደበት ለልጆቹ ይንገራቸው፤ ልጆቹም ይጠይቁት። የሚለው ባይጥማችሁም አድምጡት። ከዚያ በኋላ በየካቲት 23 ወደ አደባባይ ይምጣ ወይም ቤቱ ይዋል፣ ምርጫውን ለእርሱ ተዉለት።